ለናቪጌተር ዲፒ ሄይስ ካርታ ስሠራ

ጥር፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ

ወረቀቱን ዛሬ ገዛሁ። 60 በ45 ሴንቲ ሜትር፣ ወፍራም፣ ላጲስ ቢደጋገምበት የማይቦጨቅ። ረጅም የብረት ማስመሪያ፣ ፕሮትራክተርና ሁለት ጠንከር ያሉ እርሳሶችም ጨመርኩ። ባለቤቴ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ እስከ መጋቢት መጨረሻ ለቃልኛለች። እስከዚያው ሶፋ ላይ እንበላለን።

ሥራው የአንድ ሰው መታሰቢያ ነው። ዲፒ ሄይስ ይባላል። የሚዙሪ ልጅ ነው፤ ሊስ ሰሚት ከምትባል ከተማ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ሌዲ ቢ ጉድ» የተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ናቪጌተር ነበር። አውሮፕላኑ ቢ-24 ነው፤ ዘጠኝ ሰው ይዞ ከሊቢያ ተነሣ፤ ኔፕልስን መትቶ ሊመለስ። ቀኑ ኤፕሪል 4 ቀን 1943፣ በእኛ መጋቢት 26 ቀን 1935፣ እሁድ። ሳይመለስ ቀረ። ባሕር ውስጥ ገብቷል ተባለ። በፈረንጆቹ 1958 መጨረሻ ነዳጅ ፈላጊዎች ከአየር ላይ አዩት። ያለው ባሕር ውስጥ ሳይሆን በረሃ ውስጥ ነበር፤ ከጦር ሰፈሩ በስተ ደቡብ ምሥራቅ መቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ናቪጌተር ማለት የአውሮፕላኑ መንገድ መሪ ነው። መሪ አይጨብጥም። የት እንዳሉ፣ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ስንት ሰዓት እንደሚደርሱ በእርሳስና በወረቀት አስልቶ ለአብራሪው የሚነግረው እሱ ነው።

ባለፈው ወር በሥራ እረፍት ሰዓት ስለዚህ አውሮፕላን አንድ ቪዲዮ አየሁ። ተራኪው «የራሱን ቤት አልፎ የሄደው ናቪጌተር» እያለ ይስቃል። አልዋጠልኝም። ሳቁ ቤት ድረስ ተከተለኝ። ያንን ሌሊት በራሴ እጅ አስልቼ፣ የሄይስ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደነበረ ማየት አለብኝ አልኩ።

ጥር፣ ሁለተኛው እሁድ

ካርታውን ከኢንተርኔት አውርዶ ማተም ይቻል ነበር። አልፈለግሁም። መስመሮቹን ራሴ ካላሰመርኩ ርቀቱ እጄ ውስጥ አይገባም።

መርካተር በሚባለው አሣሣል ነው የምሠራው፤ የባሕርና የአየር መንገደኞች የሚወዱት እሱን ነው፤ አንድ አቅጣጫ ይዘህ ስትጓዝ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣልሃል። ችግሩ ወደ ሰሜን በሄድክ ቁጥር የኬክሮስ (ወደ ላይ የሚቆጠረው ዲግሪ) ክፍተት እየሰፋ መሄዱ ነው። ወደ ጎን ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 2 ሴንቲ ሜትር ሰጠሁ። ከታች 26ኛው ዲግሪ አካባቢ ወደ ላይ ያለው ክፍተት 2.2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከላይ ኔፕልስ ዘንድ 2.6 ይደርሳል። 15ቱን እያሰላሁ አንድ በአንድ አሰመርኩ። ጠቅላላ ቁመቱ 36 ሴንቲ ሜትር ወጣ።

ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። አንዱን ስሕተት ያገኘሁት ጨርሼ ማስመሪያውን ሳነሣ ነው፤ 33 ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ዘልያለሁ። ሁለት ሚሊ ሜትር ማለት ወደ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። ሙቅ ቤት ተቀምጬ፣ ሻይ አጠገቤ፣ ማንም ሳይተኩስብኝ። ሄይስ ይህን የሚሠራው በሚንቀጠቀጥ አውሮፕላን አፍንጫ ውስጥ፣ በብርድ፣ በትንሽ መብራት ነው።

ጥር፣ ሦስተኛው ቅዳሜ

ነጥቦቹን ተከልኩ። ሰሉቅ፣ የተነሡበት ሜዳ፣ ከቤንጋዚ ደቡብ። ቤኒና፣ የሬዲዮ ጣቢያው ያለበት። ኔፕልስ። ከሰሉቅ ኔፕልስ 1,150 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ወረቀቴ ላይ ከ25 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሜዲትራንያንን ሙሉ ማቋረጥ ነው።

የዚያን ቀን 25 አውሮፕላኖች ነበሩ። አሸዋ ያዘለ ነፋስ ሜዳውን ሸፍኖታል። ሌዲ ቢ ጉድ ከኋለኞቹ አንዷ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ተነሣች። ከሁለተኛው ቡድን ብዙዎቹ ሞተራቸው አሸዋ ስለገባበት ከመንገድ ተመለሱ። እሷ ቀጠለች። ኔፕልስ ስትደርስ መሽቷል፤ ዒላማው አልታይ አለ። ቦምቦቹን ባሕር ላይ ጥላ ብቻዋን ወደ ቤት ዞረች።

ብቻዋን የሚለውን ቃል ልብ በሉት። ለእነዚህ ዘጠኝ ሰዎች አብረው የወጡበት የመጀመሪያ የውጊያ በረራ ነው። ሲሄዱ ከፊት የሚከተሉት ነበራቸው። ሲመለሱ ጨለማ፣ ደመናና የሄይስ እርሳስ ብቻ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ አብራሪው ዊልያም ሃተን ቤኒናን በሬዲዮ ጠየቀ፦ አቅጣጫ ስጡኝ። ጣቢያው መለሰ፦ ከእኛ 330 ዲግሪ ላይ ናችሁ። 330 ሰሜን ምዕራብ ነው፤ ባሕሩ ላይ። ከኔፕልስ የሚመለስ አውሮፕላን ደግሞ መምጣት ያለበት በትክክል ከዚያ ነው። ማን ይጠራጠራል?

ፕሮትራክተሩን ቤኒና ላይ አስቀምጬ 330ን ሳብኩ። መስመሩ ባሕሩን አቋርጦ ወደ ኔፕልስ ወጣ። ከዚያ ማስመሪያውን ሳላነቃንቅ ወደ ኋላ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሳብኩት። አውሮፕላኑ የተገኘው 26 ዲግሪ ከ43 ደቂቃ ሰሜን፣ 24 ዲግሪ ከ1 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ነው። ያንን ነጥብ አስቀድሜ በቀይ ተክዬው ነበር። እርሳሴ ነጥቡን ታክኮ አለፈ። መልሼ ለካሁ፤ የተለየው በአንድ ዲግሪ ገደማ ነው። 700 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ያን ያህል ብቻ።

እርሳሱን አስቀምጬ ለተወሰነ ጊዜ ዝም አልኩ። ይህ ሰው አቅጣጫ አልሳተም። የተሰጠውን መስመር እንደ ክር ይዞታል። የተሳሳተው መስመሩ ሳይሆን ወገኑ ነው።

የካቲት፣ የመጀመሪያው ሳምንት

አሁን ወገን እንዴት ይጠፋል የሚለው ነው። የዚያ ዘመን ጣቢያ አቅጣጫ የሚለካው በቀለበት አንቴና ነው። ቀለበቱን ታዞረዋለህ፤ ድምፁ በሚጠፋበት ቦታ አቅጣጫውን ታነባለህ። ግን ቀለበት ፊትና ጀርባ የለውም። 330 ላይ ያለውም፣ በተቃራኒው 150 ላይ ያለውም ለቀለበቱ አንድ ናቸው።

ይህን አንብቤ አውቄዋለሁ። በእጄ ማየት ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ቀለበት እሠራለሁ።

ሁለት እንጨት በመስቀል አያያዝኩ፤ እያንዳንዱ 65 ሴንቲ ሜትር። ጫፎቹ ላይ ጥርስ ጥርስ አወጣሁ። በላያቸው የተሸፈነ ቀጭን የመዳብ ሽቦ 13 ጊዜ ዞርኩ፤ 24 ሜትር ያህል በላ። ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀልኩት ቫሪያብል ካፓሲተር ላይ በየድ አያያዝኩ። ድሮ አባቴ ጣቢያ ሲፈልግ ቁልፉን ሲያዞር ከውስጥ የምትዞረው ዕቃ ናት። ከአንቴናው እግር ሥር ትንሽ የኪስ ኤ ኤም ሬዲዮ አስቀመጥኩ። በሽቦ አላያያዝኳትም፤ ቅርበቱ ብቻ ይበቃታል።

የካቲት፣ ረቡዕ ማታ

አልሠራም። ቀለበቱን በየትኛውም በኩል ባዞረው ድምፁ ያው ነው፤ ከሥሩም እንደ ጥብስ የሚንጫጫ ነገር አለ። መጀመሪያ የስልክ ቻርጀሩን ነቀልኩ። ከዚያ የኤል ኢ ዲ አምፖሉን አጠፋሁ። ጫጫታው ቀነሰ፤ ድምፁ ግን አሁንም የትም አይጠፋም።

ሐሙስ

ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛ፣ ሬዲዮዋ ውስጥ ራሷን የቻለች ትንሽ አንቴና አለች፤ ጥቁር ዘንግ። እኔ ዘንጉን ከቀለበቱ ጋር አጋድሜ ስላስቀመጥኩት ሁለቱ ይጣላሉ። ዘንጉ በቀለበቱ መሐል ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ አዞርኩት። ሁለተኛ፣ የምኖረው ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ብረት በተሞላ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ሁሉ ሽቦ ነው። ውጭ መውጣት አለብኝ። እንዲያውም በቀን። ማታ የራቀው ጣቢያ ማዕበል ከሰማይ እየተንጸባረቀ ስለሚመጣ ድምፁ የሚጠፋበት ቦታ ይደበዝዛል።

የካቲት፣ ቅዳሜ ከሰዓት

መናፈሻው በበረዶ ተሸፍኗል። ሰው የለም። አንቴናውን የሻይ ጠረጴዛ ላይ፣ ኮምፓሱን ከሬዲዮዋ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ።

700 ኪሎ ኸርትዝ ላይ ደብልዩ ኤል ደብልዩ አለ። ትልቅ የሲንሲናቲ ጣቢያ ነው፤ ማማው ሜሰን ከተማ ላይ ነው፤ ኃይሉ 50 ሺህ ዋት። ከእኔ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በደቡብ ምዕራብ። ካፓሲተሩን ቀስ ብዬ ሳዞር ድምፁ ድንገት ጎላ፤ ሰውየው አጠገቤ የቆመ ያህል። ከዚያ ቀለበቱን ማዞር ጀመርኩ። ቀነሰ። ቀነሰ። ጠፋ። የቀረው እሽታ ብቻ ነው። የቀለበቱ ዘንግ ወዴት እንዳመለከተ በኮምፓሱ አነበብኩ፤ የመግነጢሱን ልዩነት ሳስተካክል 241 ዲግሪ። ከካርታ የለካሁት ትክክለኛ አቅጣጫ 239 ነው። በጣም ደስ አለኝ፤ እዚያው በረዶው ላይ ዘለልኩ።

ከዚያ ማዞሬን ቀጠልኩ። ድምፁ ተመለሰ፣ ጎላ፣ እንደገና ቀነሰ፣ ጠፋ። 61 ዲግሪ። ሰሜን ምሥራቅ። እዚያ በኩል ምንም የለም። ግን ዝምታው ያው ዝምታ ነው፤ በምንም አይለይም። ዓይኔን ጨፍኜ ደጋግሜ አዞርኩት። ሲንሲናቲ የት እንዳለ አስቀድሜ ባላውቅ ኖሮ የትኛው ትክክል እንደሆነ የምለይበት መንገድ አልነበረኝም።

የቤኒናው ሠራተኛም «አስቀድሞ ያወቀው» ነገር ነበረው። አውሮፕላኑ ከባሕር እንደሚመጣ ያውቃል። 330ን የመረጠው ጆሮው ሳይሆን ይህ እውቀቱ ነው። ብርዱ ጣቶቼን ቢያደነዝዘኝም ጥዬ ለመሄድ አቃተኝ።

እሁድ

መፍትሔው ያኔም ይታወቅ ነበር። ከቀለበቱ አጠገብ አንድ ቀጥ ያለ አንቴና ትጨምርና የሁለቱን ድምፅ ትቀላቅላለህ፤ አንዱ ዝምታ ይቀራል፤ ወገኑ ይታወቃል። ሌላው መንገድ ሁለተኛ ጣቢያ መጠየቅ ነው። ይህን ዛሬ ሞከርኩት። 760 ላይ የዲትሮይቱ ደብልዩ ጄ አር አለ፤ ከእኔ ሰሜን። ዝምታው 355 እና 175 ላይ ተገኘ። ሁለቱን መስመሮች በኦሃዮ ካርታ ላይ ከየጣቢያው ሳብኩ። ተገናኙ፤ ከቆምኩበት መናፈሻ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስተው። ሁለት መስመር ሲቆራረጥ ፊትና ጀርባ የሚባል ጥያቄ አብሮ ያልቃል።

አንድ ድምፅ ብቻ ከሰሙ ግን አያልቅም። የዚያን ሌሊት የሰሙት አንድ ድምፅ ነው።

የካቲት መጨረሻ

የሰዓቱን ሒሳብ ሠራሁ። ጥያቄው የቀረበው 6 ሰዓት ከ12 ላይ ነው፤ በፓራሹት የዘለሉት 8 ሰዓት ላይ። መሐሉ 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ። ቢ-24ን በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ብሰጠው፣ ነፋሱን ሳልቆጥር፣ 576 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከቤኒና እስከ ወደቀበት 700 ነው። ከዘለሉ በኋላ አውሮፕላኑ ሰው አልባ ሆኖ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዷል። ይህ ሁሉ ሲቀናነስ፣ ጥያቄውን ሲጠይቁ ቤኒናን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አልፈዋል። ፍጥነታቸው ከዚህ ካነሰ ይብሱን አልፈዋል ማለት ነው። ሰሉቅ ላይ የነበሩ ሰዎች አውሮፕላን ከላያቸው ሲያልፍ ሰምተው የብርሃን ምልክት ተኩሰው ነበር ይባላል። ከላይ ግን ደመና ነው።

ከሥራቸው የነበረው ጨለማ ባሕር መሰላቸው። በረሃ በሌሊት ከላይ ሲታይ ከባሕር አይለይም።

መጋቢት፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ

ዴይተን ሄድኩ፤ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው። የአየር ኃይሉ ብሔራዊ ሙዚየም እዚያ ነው፤ መግቢያው ነፃ ነው። አንድ ቢ-24 ዲ አላቸው። በሰሜን አፍሪካ የበረረ ነው፤ ከሌዲ ቢ ጉድ ጋር የአንድ ቡድን፣ የ376ኛው። ቀለሙ ሮዝ የሚመስል የአሸዋ ቀለም ነው።

ከአፍንጫው ሥር ብዙ ቆምኩ። ናቪጌተሩና ቦምብ አነጣጣሪው የሚቀመጡበት ያ ነው። ጠባብ ነው። የእኔ ወረቀት ሙሉ ለሙሉ ተዘርግቶ የሚበቃ አይመስለኝም። ቤት ስመለስ ካርታዬን አጥፌ በግማሹ ለመሥራት ሞከርኩ፤ ማስመሪያው ከጠርዙ እየወጣ አስቸገረኝ።

መጋቢት፣ ሁለተኛው እሁድ

ዛሬ የመሬቱን ክፍል ሳልኩ። ይህን ክፍል ስሸሸው ነው የቆየሁት።

ስምንቱ ጨለማ ውስጥ ተፈላልገው ተገናኙ። ቦምብ አነጣጣሪው ጆን ዎራቭካ አልመጣም፤ ጃንጥላው በትክክል ስላልተከፈተ እዚያው ሞቷል፤ እነሱ ግን አላወቁም። ረዳት አብራሪው ሮበርት ቶነር በትንሽ ማስታወሻ የየዕለቱን ጻፈ። ወደ ሰሜን ምዕራብ መሄድ ጀመሩ። የነበራቸው ግማሽ ኮዳ ውኃ ነው። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ክዳን።

አውሮፕላኑ ከኋላቸው ነበር። በኋላ ሲገኝ ውስጡ ውኃና ምግብ ነበረው፤ ሬዲዮውም ይሠራ ነበር። 26 ኪሎ ሜትር። በካርታዬ ለካሁት፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው። የእርሳሴ ጫፍ ሊሸፍነው ምንም አልቀረውም። እነሱ ግን የት እንደወደቀ አያውቁም፤ ባሕሩም ቅርብ መስሏቸዋል። ማንም ሰው ወደ ባሕሩ ነው የሚሄደው።

አምስቱ እስከቆሙበት ከአውሮፕላኑ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሃተን፣ ቶነር፣ ሄይስ፣ የሬዲዮ ሠራተኛው ላሞትና ተኳሹ አዳምስ። ሦስቱ፣ ሼሊ፣ ሪፕስሊንገርና ሙር፣ እርዳታ ፍለጋ ቀጠሉ። የቶነር የመጨረሻ ጽሑፍ የኤፕሪል 12 ነው። ስምንት ቀን ሙሉ። አምስቱ በፌብሩዋሪ 1960 ተገኙ፤ ሄይስም ከመካከላቸው። ሼሊና ሪፕስሊንገር በሜይ ተገኙ፤ ከአምስቱም ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን አልፈው። ዎራቭካ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ። ሙር እስካሁን አልተገኘም።

ዘጠኙንም ስም በካርታው ግራ ጠርዝ ላይ ጻፍኩ። የሄይስን ከመስመሩ መነሻ አጠገብ።

መጋቢት፣ ማክሰኞ ሌሊት

ታናሽ ወንድሜ ከጀርመን ደወለ። በቪዲዮ ካርታውን አሳየሁት። ከሱዳን ወደ ሊቢያ በኩፍራ የገባ ልጅ ነው፤ ከኩፍራ አጅዳቢያ በፒክ አፕ። ስለዚያ መንገድ አውርቶልኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ስለ ክዳኑ ስነግረው ዝም አለ።

«እኛንም በክዳን ነበር የሚሰጡን ጋሽዬ» አለ። «የሃይላንድ ክዳን። እንዳንጠጣው ቤንዚን ይጨምሩበታል። ሹፌሩ መንገድ የጠፋበት ቀን ግን እሱም አልቆ ነበር።»

ከዚያ «ኩፍራ የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

ፈለግሁለት። የለም። ወረቀቴ 26 ላይ ያልቃል፤ ኩፍራ 24 ላይ ነች። አውሮፕላኑ ከወደቀበት ብዙም አይርቅም፤ ወረቀቴ ግን ቀድሞ አለቀ።

«አይ፣ ይቅር» አለ። ይቅር ያለው ለእኔ ብሎ ነው።

መጋቢት 25፣ ዋዜማው

ከዚያው ወረቀት የተረፈኝ ቁራጭ ነበር። 26ን ከ24 ጋር ለማገናኘት 4.4 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ቆረጥኩ፣ አሰመርኩ፣ ከታች በኩል ከኋላ ለጠፍኩት። ዲግሪዎቹ እንዲገጥሙ ሁለት ጊዜ አንሥቼ አስተካከልኩ። ኩፍራን ተከልኩ። አጅዳቢያን ተከልኩ። ማታ ደወልኩለት።

«መኪናው የቆመው የቱ ጋ ይሆን?» አልኩት።

«እኔንጃ ጋሽዬ። ሁሉም አሸዋ ነው። ከኩፍራ ከወጣን በሁለተኛው ቀን ነው።»

ስለዚህ ነጥብ አላደረግሁም። ከኩፍራ እስከ አጅዳቢያ የተቆራረጠ መስመር ሳልኩ፤ ከሄይስ መስመር በስተ ምዕራብ ይወርዳል። እዚያ የቀሩ የሁለት ልጆች ስም ነገረኝ። አንደኛው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ እናቱን አውቃቸዋለሁ። በእርሳስ ጻፍልኝ አለ፣ በቀለም አይሁን። በእርሳስ ጻፍኩ። እዚህ ግን ስማቸውን አላወጣም።

ነገ መጋቢት 26 ነው። ግድግዳው ላይ የምሰቅልበትን ምስማር መትቻለሁ። የተለጠፈው ቁራጭ ጠርዙ እንዳይነሣ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ጭኜበት አድሬያለሁ።